ባለ ሁለት ቁልፍ ኮርቻ

ሰኞ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ አምቦ ከተማ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ሙዚየም በተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ ዳይሬክተሩ አቶ ሚልኪያስ፣ የዕቃ ኃላፊዋና አስጎብኚዋ ወይዘሮ ፋንቱ፣ የበር ጠባቂው ጋሽ ኤቢሳ እና ጸሐፊዋ ሮዳስ። የቀረ ሰው አልነበረም። ሙዚየሙ ያለው ሠራተኛ ይኸው ነው።

ሚልኪያስ ከውጭ አገር ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሃያ ሦስት አገር የሙዚየም ዳይሬክተሮች ስለ ዘመናዊ የሙዚየም አስተዳደር ልምድ ሲለዋወጡ አሥራ ሁለት ቀን አብሯቸው ሰንብቶ መጥቷል። ስሙ የተጻፈበትን ባጅ እስካሁን ከአንገቱ አላወለቀም። ትናንት የሚካኤል ታቦት ሲገባ እንኳ በነጠላው ላይ አንጠልጥሎት እንደነበር ጋሽ ኤቢሳ አይተው ለፋንቱ ሹክ ብለዋታል።

«እዚያ» አለ ሚልኪያስ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ወንዙ ብቻ ነው፤ «እዚያ ያየሁት አንድ ሙዚየም ስድስት መቶ ሠራተኛ አለው። አንድ ዕቃ ከቦታው ለማንሳት ሰባት ሰው ይፈርማል።»

«ይከብዳል እንዴ ዕቃው?» አሉ ጋሽ ኤቢሳ።

«አሠራር ነው ጋሼ፣ አሠራር!»

ከዚያ ያመጣውን ተሞክሮ ማውረድ ጀመረ። ሙዚየሙ ከዛሬ ጀምሮ በአምስት የሥራ ክፍል ይዋቀራል፤ የስብስብ አስተዳደር፣ የጥገናና እንክብካቤ፣ የትምህርትና የኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ የደኅንነት፣ የጎብኚዎች እርካታ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ፋንቱ ትመራለች። የኋለኞቹን ሁለቱን ጋሽ ኤቢሳ ይመራሉ። ሮዳስ አምስቱን ታስተባብራለች።

«በር ላይስ ማን ሊቆም ነው?» ሲሉ ጋሽ ኤቢሳ ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንደ ደኅንነት ነው እንደ እርካታ?»

«እንደ ሁለቱም።»

«እንዲያ ከሆነ የሚገባውን እየፈተሽኩ ፈገግ እላለሁ» አሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሮዳስ ቃለ ጉባኤው ላይ ያቀረቀረች መስላ ሳቀች።

ሚልኪያስ አልሳቀም። ከቦርሳው አንድ ካርቶን ነጭ ጓንት አወጣና የሙዚየም ዕቃ በባዶ እጅ እንደማይነካ ሊያሳያቸው ሁሉንም አስነሥቶ ወደ ኮርቻው ወሰዳቸው። ኮርቻው የሙዚየሙ ዓይን ነው። ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ዳር ዳሩ በብር ፈርጥ የተዘመዘመ፣ እርካቡ የሚያብረቀርቅ። ሚልኪያስ ጓንቱን አጠለቀ፤ ቆዳውን በስሱ ዳሰሰ። እጁን ሲያነሣው ጓንቱ ቢጫ ሆኗል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አለች ፋንቱ።

«ቅቤ?»

«ቆዳ አይደል? ካልተቀባ ይሰነጠቃል። ኮርቻውን ያመጡት ኦቦ ቀጀላም፣ አባታቸውም እንዲሁ እየቀቡ ነው ያቆዩት።»

ሚልኪያስ ጓንቱን በሁለት ጣቱ አውልቆ ለሮዳስ ሰጣትና ዋናውን ወሬ አወጣ። ከእነዚያ ዳይሬክተሮች መካከል ስድስቱ ለጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ጉባኤው ሲያልቅ የእሱን ሙዚየም ሊጎበኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ከወደዱት በግንቦት ለሁለተኛው ዙር ልምድ ልውውጥ ስሙ ይያዛል። ቀኑ እሑድ ጥር 26 ነው።

ፋንቱ ቀኑን ስትሰማ ደነገጠች። ጥር 26 ኦቦ ቀጀላ ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነው። ኮርቻው ደግሞ ለዚያ ቀን እንደሚወጣ ቃል ተሰጥቷል፤ የሰጠችውም እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚየሙ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሲከፈት የነበረው አሥራ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ከአሥራ አንዱም ሦስቱ የጽሕፈት መኪና ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ቅርስ ያላችሁ ለግሱ እያለ ለየወረዳው ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፀሐይ መትቶት ነጣ እንጂ አንድ ማንኪያ እንኳ ያመጣ ሰው አልተገኘም። ፋንቱ ያኔ በሚኒባስ ተሳፍራ ጌዶ ወጣች፤ እጃጂ ዘለቀች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ወደ እንጭኒ ተሻገረች። ለቅሶ ያለበት ቤት ተቀምጣ አለቀሰች፤ የታመመ ጠየቀች፤ አራስ ቤት ገንፎ በላች። ከዚያ በኋላ ነው፦ «ስጡኝ አልልም፤ አደራ አኑሩ። ለቁም ነገራችሁ በፈለጋችሁት ቀን ይወጣል፤ ነገራችሁ ሲያልቅ ይመለሳል» ያለቻቸው። ሰው ለመንግሥት መስጠት ይፈራል፤ ለፋንቱ አደራ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃው መቶ አርባ ሦስት ደረሰ።

ቃሏንም ጠብቃ ኖረች። ጥር ሲገባ የጠጁ ጋንና የቀንድ ዋንጫዎቹ ወደየሠርጉ ይወጣሉ። ትልቅ ሰው ሲሞት ጋሻውና ጦሩ ለቅሶ ይደርሳሉ። አንዲት የጥንት የስፌት መኪና እንኳ በየነሐሴው የልጆች ዩኒፎርም ልትሰፋ ሁለት ሳምንት እየሄደች ትመለሳለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ዋንጫ ተሰንጥቆ መጣ፤ ቤተሰቡ አፍሮ ሁለት ዋንጫ መለሰ። ችግሩ ጎብኚ በሚበዛበት በጥር ዕቃ አለመኖሩ፣ ዕቃ በሚሞላበት በሐምሌ ደግሞ ጎብኚ አለመኖሩ ነው። ሚልኪያስ ይህን አያውቅም። እሱ በየዓመቱ ጥርን የሚያሳልፈው አዳማ፣ በስድስት ወር የሥራ ግምገማ ላይ ነው።

ፋንቱ በማግሥቱ ቢሮው ገብታ ነገረችው።

«ማን ፈቀደ?» አለ ሚልኪያስ።

«እኔ።»

«በምን ደብዳቤ?»

«በአፌ።»

ሚልኪያስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለፋንቱ እናት ተዝካር ዳስ ሲተከል ካስማ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ግን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የሰማው ቃል ጆሮው ውስጥ ገና አልበረደም። «ወይዘሮ ፋንቱ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል እኮ» አላት።

በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ኤቢሳ ጣልቃ ገቡ። «ሕዝቡም የሚፈራው እሱን ነው ኃላፊ። እንዳይወረስ።»

«ሰኞ ይውሰዱት» አለ ሚልኪያስ እሳቸውን እንዳልሰማ ሆኖ። «እንግዶቹ እሑድ አይተውት ይሄዳሉ። ሰኞ እኔ ራሴ እፈቅዳለሁ።»

«ሠርጉ እሑድ ነው።»

«አንድ ቀን ቢገፉት?»

«ሙሽራዋ ቤት ጠጁ ተጥሏል፣ በሬው ተገዝቷል። እንግዳው ከነቀምት ሳይቀር ተጠርቷል።»

«እንግዲያው ሌላ ኮርቻ ይዋሱ። ከጌዶ እስከ አምቦ ኮርቻ ጠፍቶ ነው?»

«የሙሽራው አያት በዚህ ኮርቻ አገቡ። አባቱም በዚሁ አገቡ። ልጁ በሌላ ኮርቻ ተቀምጦ ሙሽራይቱ ደጅ ቢደርስ አማቶቹ ምን ይሉታል?»

«ፈረስ ነው የሚጠይቁት ወይስ ኮርቻ?» አለና ሚልኪያስ ስልኩ ሲጠራ ተነሥቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ከብረታ ብረት ሠሪዎች ዘንድ አንድ ትልቅ የመስታወት ሣጥን መጣ። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በዳይሬክተሩ እጅ ይቀመጣል፣ ሌላው በፋንቱ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልዞሩ ሣጥኑ አይከፈትም። ይህም ከተቀመሩት ተሞክሮዎች አንዱ ነው። ኮርቻው ተወልውሎ፣ ቅቤው በሳሙና ለቅቆ፣ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ሮዳስ በኮምፒውተር ያተመችው ወረቀትም ከፊቱ ተለጠፈ፦ «የሙዚየሙ ንብረት። ቁጥር 037።»

ፋንቱ ወረቀቱን ስታየው አፈረች። የተለጠፈው በግንባሯ ላይ መሰላት።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ ኦቦ ቀጀላ መጡ። ስልሳ አምስት ዓመት የሆናቸው ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጌዶ ውስጥ በከብት ንግድ የታወቁ። ቡልኳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በር ላይ በጋሽ ኤቢሳ ተፈትሸው ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ፋንቱ?»

«ነጋ፣ ኦቦ ቀጀላ። ሙሽራው ደኅና ነው? ዝግጅቱስ?»

«ሁሉ ደኅና ነው፤ የቀረን ኮርቻው ነው። ብታየኝ ዛሬ ፈረስ ሆኜ ነው የመጣሁት» አሉና ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ሣጥኑን አዩ። ጠጋ ብለው ወረቀቱን አነበቡ። ማንበብ ያውቃሉ፤ ግን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ ምን ይላል፣ ፋንቱ?»

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሚልኪያስ ፈጠን ብሎ መጣና በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ወንበር አስመጣ፤ አምቦ ውሃ አስከፈተ። ከዚያ አራት ገጽ ቅጽ አቀረበላቸው። ዕቃ ሲወጣ የሚሞላ ነው። ኦቦ ቀጀላ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱት።

«የመውጫው ምክንያት ይላል። ጥገና፣ ዐውደ ርእይ፣ ጥናትና ምርምር። ሠርግ የቱ ውስጥ ነው?»

«ሠርግ እንኳን የለበትም» አለ ሚልኪያስ።

«እንግዲህ ጥገና በለው። ልጄ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ጥገና ነው እንጂ ምን ይባላል!»

ሮዳስ ከጠረጴዛዋ በስተኋላ ሳቋ አመለጣት። ሚልኪያስም ፈገግ ሊል ከጅሎ ተወው። «ኦቦ ቀጀላ፣ ሰኞ ጠዋት በእጄ አስረክብዎታለሁ። እሑድ ግን የስድስት አገር ሰው ይህን ሊያይ ይመጣል። የከተማችን ስም ነው። የእርስዎም ስም ነው።»

«የኔ ስም የታለ?» አሉ ኦቦ ቀጀላ ወረቀቱን በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ።

ኦቦ ቀጀላ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተነሥተው ወደ ፋንቱ ዞሩና፦ «አባቴ ሊሞቱ ሲሉ ኮርቻዬን የት አኖርከው ቢሉኝ፣ ፋንቱ እጅ ነው አልኳቸው። መስታወት ቤት ነው አላልኳቸውም» አሏት። «እሑድ ሙሽራዋን ልናመጣ በዚሁ በኩል ነው የምናልፈው። በአራት ሰዓት።» ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ጋሽ ኤቢሳ ሲሸኙዋቸው ፈገግ ማለቱን ረሱት።

ቅዳሜ ፋንቱ ገበያ ወጣች። ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴትዮ ገና ሳትመዝን፦ «እውነት ነው እንዴ የኦቦ ቀጀላ ኮርቻ ለፈረንጅ ተሸጠ የሚሉት?» አለቻት። በርበሬ ተራ ስትደርስ ኮርቻው በአውሮፕላን ሄዷል። ጨው ተራ አንድ ከእጃጂ የመጣ ሰው አስቆማት፤ የአባቱ ጋሻ እሷ ዘንድ ነው። «አዴ ፋንቱ፣ ጋሻው አለ?» ብቻ አላት። «አለ» አለችው። «ሰኞ መጥቼ ልየው» አላት። ከዚህ በፊት ልየው ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ያኔ ገባት። ኮርቻው እሑድ ካልወጣ መቶ ሠላሳ ሁለቱ አደራዎች ሰኞ ጠዋት በር ላይ ናቸው። እሷም ከጌዶ እስከ እንጭኒ በማንም ቤት ለቅሶ ተቀምጣ ሰው ቀና ብሎ አያያትም። ኮርቻው ከወጣ ደግሞ እንጀራዋ ይወጣል፤ ለጡረታዋ የቀራት ስምንት ዓመት ነው። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ እንደሚያዝ ታውቃለች። ሣጥኑ በሁለት ቁልፍ እንደሚያዝም ታውቃለች፤ አንዱ ደግሞ ሚልኪያስ ኪስ ውስጥ ነው።

እሑድ በሦስት ሰዓት ተኩል ስድስቱ ዳይሬክተሮች ደረሱ። አራት ወንድና ሁለት ሴት ናቸው። ማኅሌት የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት አስተርጓሚ አብራቸው አለች። ጋሽ ኤቢሳ ሁሉንም ፈተሹና ለሁሉም ፈገግ አሉ። አንዱ በጣም ረጅም ነበርና ኪሱን ለመፈተሽ የጋሽ ኤቢሳ እጅ ወደ ላይ መዘርጋት ነበረበት። ሚልኪያስ አዲስ ሱፍ ለብሷል፤ ባጁንም አድርጓል። ስድስቱ ባጃቸውን አላደረጉም።

ስለ አምስቱ የሥራ ክፍሎች አስረዳቸው። ስለ ቅጹ አስረዳቸው። ስለ ጓንቱ ሲያስረዳ አንዷ ሽበታም ዳይሬክተር እሷ ዘንድ ጓንት ከቀረ ሰንብቷል፣ ለአንዳንዱ ዕቃ የታጠበ እጅ ይሻላል ብላ ተናገረች። ማኅሌት ተረጎመችው። ሚልኪያስ ይህን እንደ ቀልድ ወስዶ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኮርቻው አመጣቸው።

«ይህ የስብስባችን ዋና ዕቃ ነው። ባለ ሁለት ቁልፍ ነው። ያለ አሠራር ማንም አያንቀሳቅሰውም።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ ጭብጨባ፤ ቀጥሎ ዘፈን። ሁለት ሚኒባስና አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመዋል። ሙሽራው ገመቺስ በሱፉ፣ ሚዜዎቹ በሱፋቸው፣ ሴቶቹ በባህል ልብሳቸው፣ ከሁሉም ፊት ኦቦ ቀጀላ። ጋሽ ኤቢሳ ለመፈተሽ ሞክረው ነበር፤ ከሦስተኛው ሰው በኋላ እጃቸው ደከመና ዝም ብለው ፈገግ አሉ። አርባ የሚሆን ሰው እየዘፈነ አዳራሹን ሞላው።

ዳይሬክተሮቹ ደስ አላቸው። ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ፤ ረጅሙም አጨበጨበ። የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸዋል። ሚልኪያስ ባጁን አስተካክሎ ራሱን አረጋጋ። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» አለ ለማኅሌት። «እንዲህ ብለሽ ተርጉሚላቸው።»

ኦቦ ቀጀላ ከዘራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ዘፈኑ ቆመ።

«እንግዶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አገራችሁ ደኅና ነው?» አሉ። ማኅሌት ተረጎመች፤ ስድስቱም አገራቸው ደኅና መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ኦቦ ቀጀላ ወደ ፋንቱ ዞሩ። «ፋንቱ፣ ቸኩለናል። ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው፤ ፈረሱም እዚያው ታስሯል። እነዚህ ሰዎች እንዲሰሙት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ኮርቻ የማን ነው?»

ሚልኪያስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ስጦታ ነው ይበሉ፤ እባክዎ። ነገ ሁሉንም አስተካክላለሁ። ለአንድ ቀን ብቻ ይበሉ!»

ፋንቱ እጇን አየችው። ነጭ ጓንት አድርጋለች። አወለቀችውና ኪሷ ከተተችው።

«የእርስዎ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እስኪገርማት ድረስ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ። «አባትዎ በሕይወት ሳሉ በአደራ ነው የተቀበልኩት። ሲፈልጉት ይወጣል ብያለሁ። ወረቀቱ የሚለው ልክ አይደለም።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ማኅሌት የቱን ቀድማ እንደምትተረጉም ግራ ገብቷት ወደ ሚልኪያስ አየች። ሚልኪያስ ጣሪያውን አየ። ማኅሌት ሁሉንም ተረጎመችው።

ሽበታሟ ዳይሬክተር ቀስ ብላ ጠየቀች፤ እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ስንት ነው?

«አሥራ አንዱ የኛ ነው» አለች ፋንቱ። «የቀረው የሰው ነው።»

«ባለቤቶቹ ሲጠይቁስ ትሰጣላችሁ?»

«ካልሰጠን ማን ይመልስልናል?»

ይህ ሲተረጎም በስድስቱ መካከል የሆነ ነገር ተነሣ። እርስ በርሳቸው በሚግባቡበት ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ ፈጠን ብለው። አንዱ ጣሪያ ማየት ጀመረ። ኦቦ ቀጀላ ነገሩ ገርሟቸው ማኅሌትን ምን እያሉ ነው አሏት።

«በእኛም ቤት ባለቤቶች ይጠይቁናል ነው የሚሉት።»

«ጥሩ! ታዲያ ይሰጧቸዋል?»

ረጅሙ ዳይሬክተር ጉሮሮውን ጠረገ። እነሱ ዘንድ ጠያቂው ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹን ኮሚቴ ያየዋል፤ ኮሚቴው ለሌላ ኮሚቴ ይመራዋል አለ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሰውየው አሰበ። የመጀመሪያው ጠያቂ ቅጹን የሞላው እሱ ሳይወለድ እንደነበር ተናገረ።

«እንግዲያው ሙሽራው አርጅቷል በለኛ!» አሉ ኦቦ ቀጀላ። ሠርገኛው በሳቅ ፈነዳ። ማኅሌት ሳቅ እያቋረጣት ተረጎመችው፤ ሽበታሟ ብቻ ሳቀች፤ የቀሩት አምስቱ አልሳቁም።

ፋንቱ የራሷን ቁልፍ አስገብታ አዞረችው። ጠቅ አለ። ከዚያ ወደ ሚልኪያስ አየች። ሁሉም ወደ ሚልኪያስ አየ። ሚልኪያስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን የያዘ እንጂ የሚያወጣ አይመስልም።

«ልጄ» አሉ ኦቦ ቀጀላ፣ «ካልከፈትከው እኛም አንሄድም። ሠርጉን እዚሁ እናደርገዋለን። ሙሽራዋን አስመጣለሁ፤ ጠጁንም አስመጣለሁ። አዳራሹ ይበቃናል።»

«ኃላፊ» አሉ ጋሽ ኤቢሳ ከበሩ ሆነው፣ «እንደ እርካታ ጥሩ ነው፤ እንደ ደኅንነት ግን መስታወቱ ላይ የተደገፉት ሰዎች እያሳሰቡኝ ነው።»

እውነትም ሦስት ሚዜዎች መስታወቱን ተደግፈው ፎቶ እየተነሡ ነበር። አርባ ሰው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ሣጥኑን አደብዝዞታል። ሚልኪያስ ፊቱ በራ፤ መውጫ አግኝቷል። ከውጭ ባመጣው መመሪያ ገጽ ሠላሳ ላይ የሰው ትንፋሽ ለቆዳ ዕቃ እጅግ ጎጂ መሆኑ ተጽፏል።

«ለዕቃው ደኅንነት ሲባል» አለ ጮክ ብሎ፣ ማኅሌት እስክትተረጉም እየጠበቀ፣ «ኮርቻው ከአዳራሹ በአስቸኳይ እንዲወጣ ወስኛለሁ።» ቁልፉን አወጣና አዞረው። «ግን በጓንት!»

በጓንቱ ጉዳይ የተቃወመ የለም። ሚዜዎቹ ነጩ ጓንት ከጥቁሩ ሱፍ ጋር እንዴት እንደሚያምር ሲያዩ ሁሉም አጠለቁ፤ ከዚያ የሙሽራው ወንድሞች አጠለቁ፤ ከዚያ ሹፌሮቹ። ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ኮርቻው በስምንት ነጭ እጅ ተይዞ በዘፈን ወጣ። ኦቦ ቀጀላ በፋንቱ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና ግንባሯን ሳሟት። አምስቱ ዳይሬክተሮች ተከትለው እስከ በር ወጡ። ሽበታሟ ከሴቶቹ ጋር አጨበጨበች። ረጅሙ ግን ሣጥኑ አጠገብ ቀርቶ ባዶውን መስታወትና «የሙዚየሙ ንብረት» የሚለውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና፣ ይህን ወረቀት ማን ነው ያተመው ብሎ ጠየቀ። ሮዳስ ኮምፒውተሩ ነው አለችው።

ፋንቱ ቁልፏን ከሣጥኑ ነቅላ ሚልኪያስ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እሱም ወደ መሳቢያው ከተተው።

ኮርቻው ማክሰኞ ከቀትር በፊት በአይሱዙ ተመለሰ፤ ቅቤም ተቀብቶ ነበር። ሚልኪያስ በግንቦት ለሁለተኛው ዙር ልምድ ልውውጥ ሄደ። ፋንቱ በሠርጉ ሰሞን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከዕቃ ኃላፊነት ተነሣችና ትኬት መቁረጫ ተመደበች፤ በእሷ ቦታ ሮዳስ ገባች። በየካቲት ከእጃጂ አንድ ሰው ጦር፣ ከእንጭኒ አንዲት ሴት የማር ጋን ይዘው መጡ፤ ሮዳስን አልፈው ሄደው ለፋንቱ በትኬቱ መስኮት አደራ አሏት። ጦሩን በመስኮቱ ተቀበለችው። ጋኑ በመስኮቱ አልገባ ስላለ በበሩ ዞሮ ገባ።